ሙጌ የማን ናት?

ወንድሜ በዘፈን ያገኘው የመጀመሪያ ሽልማት ነጭ በግ ነበረች። መዘዞ ላይ በተደረገ የወጣቶች በዓል ያቀረበው ዘፈን ከሁሉ በልጦ ተገኘ፤ አዘጋጆቹ ያሰቡት ዋንጫ ሳይሳካላቸው ስለ ቀረ ከገበያ መልካሟን በግ መርጠው፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን አስረው አስረከቡት። የሚኒባሱ ረዳት በጓ ከጣራ ላይ ትጫን ብሎ ቢከራከርም ወንድሜ ሽልማት ከሻንጣ ጋር አይጓዝም ብሎ እምቢ አለ፤ በጉልበቶቹ መካከል አቁሟት ተቀመጠ። ሲነሡ ስለ ሽታው ያጉረመርሙ የነበሩት ተሳፋሪዎች ጣርማ በርን ሲያልፉ ያሸነፈበትን ዘፈን እንዲያስተምራቸው እንደ ጠየቁት፣ ደብረ ብርሃን ሲገቡም መኪናው በሙሉ ለበጓ ይዘፍንላት እንደ ነበር ነገረኝ። የእርሱን ወሬ ዘወትር በግማሽ ነው የማምነው። ይህን ግን ሳላጎድል አመንሁት፤ የቤቴ በር ሲንኳኳ ከፍቼ ሳይ ረዳቱ ራሱ ሪባኑን ይዞ፣ ዘፈኑን በአፍንጫው እያዜመ አብሮት ቆሞ ነበርና።

በጓ ለፋሲካ ትታረዳለች ተባለ። ፋሲካ ሲደርስ ወንድሜ ሽልማት አይበላም አለና አንኮበር ለምትኖረው እናታችን ላካት። እናታችንም «ሽልማት» ብላ ስም አወጣችላት። ሽልማት ብዙ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የምስክር ወረቀት ተሰጠው በተባለ ቁጥር የእናታችን ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ወረቀቱ ይወልዳል ወይ?

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ እስከ ዛሬም ወንድም ጋሼ ነው የምለው። የባላገር ዘፈን ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ያወጣል፣ ያቀናብራል፣ ይቀርጻል። እኔ ታናሽ እህቱ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የምመራመረውም ቃላት እንዴት እንደሚፈጠሩ ነው። በስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው ሌላው ሁሉ ተናግሮ ካበቃ በኋላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ የሚቀር ነገር ስለማይኖር እጄን መልሼ አወርደዋለሁ። እርሱ ግን ሰው ሁለት ሆኖ ከተቀመጠ እንደ መድረክ ይቈጥረዋል።

ስቱዲዮው ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በከተማችን ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከብርድ ልብሶቹ አንዱ ሁለተኛው ሽልማቱ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ የዘፈነላቸው ጊዜ የሰጡት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ቢሰቅለው ጥሩ ሆነለትና የቀሩትን ገዝቶ ጨመረ። ችግሩ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጠዋት ተራ የሚጠብቁ ዘፋኞችና ማሲንቆ መቺዎች አንዱን ከምስማሩ ያወርዱና ይከናነቡታል። ወንድሜም የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ዞር ሳይል፣ ግድግዳዬን የለበሰው ማነው ብሎ ይጠይቃል።

የምስክር ወረቀቶቹን በሚመለከት አንድ ነገር ታዝቤ ነበር። ለአቀናባሪነቱ የተሰጠው አለ፤ ለቀረጻ ጥራት፣ ለባህል ተቆርቋሪነት የተሰጠውም አለ። ምናልባት መድረክ ላይ ገመድ ሲያስተካክል ያየው ሰው ያጻፈው ይሆናል፣ አንደኛው በኤሌክትሪክ ሥራ ላሳየው ትብብር ያመሰግነዋል። ከሁሉ የሚወደው ይህን ነውና በሩ አጠገብ ሰቅሎታል። «ደራሲ» የምትለዋ ቃል ግን በአንዱም ላይ አልነበረችም። በእኛ አገር ዘፈን የዘፋኙ ነው፤ ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን ያወጣ ሰው ስሙ አይነሣም። ወንድሜ በዚህ ይቀልዳል እንጂ አያማርርም። ይሁን እንጂ አብሬው ስቀመጥ አይቻለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ከእርሱ ዘፈኖች አንዱ ሊከፈት ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አስተዋዋቂው የዘፋኟን ስም አንብቦ ያልፋል፣ ወንድሜም እጁን ከማዞሪያው ላይ ሳያነሣ ጥቂት ይቆያል።

ሙጌ ከዘፈኖቹ ሁሉ የታወቀችው ናት። በክረምት ሠርቶ በጥር ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ አደረሳት፤ የዘፈነቻትም ከሰላ ድንጋይ የመጣች ወጣት ናት። አዝማቿ እንዲህ የሚል ነው፦

ሙጌ መጣች ሙጌ አቀበቱን ወጥታ፤
ቤቱን አለበሰች ነጠላዋን ፈትታ።

የሚሰማ ሰው ሙጌ የሙሽራዋ ስም ትመስለዋለች። ነገሩ ሌላ ነው። ሙጌ የእኔ ቃል ናት። አንኮበር ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየተንፏቀቀ ይወጣና ቤቱን፣ አጥሩን፣ ከብቱን ይሸፍናል። እናታችን ይህን ጊዜ «ጉሜ መጣች» ትል ነበር፤ እንደ እንግዳ። እኔ ደግሞ አፌን ስፈታ ፊደላትን የማገላብጥ ልጅ ስለ ነበርሁ ጉሜን «ሙጌ» አልኋት። ወንድሜ ይህችን ቃል ይዞ ሲያበሽቀኝ አደገ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ነጠላ አልብሶ ሙሽራ አደረጋት።

ዘፈኗ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ሠርግ ያለ ሙጌ የማይሞቅ ሆነ። ሚኒባሶች ውስጥ፣ ባጃጆች ውስጥ፣ የተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ ትሰማ ነበር። ከዚያም ያልጠበቅነው ነገር ተከተለ፤ አረጀች። ወንድሜ አልዩ አምባ ገበያ ወርዶ ሳለ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ሙጌን ስታንጎራጉር ሰምቶ ዘፈኑን ከየት እንዳወቀችው ቢጠይቃት፣ አያቷ በእናቷ ኒካህ ላይ የዘፈነችው መሆኑን ወላሂ ብላ ማለችለት። እየሳቀ ተመልሶ ይህን ሲነግረኝ ከሽልማት ሁሉ የበለጠ ሽልማት ያገኘ ይመስል ነበር። በዚያው ሰሞን ከተማሪዎቼ አንዷ ስለ ጥንታዊ የሸዋ ቃላት ባቀረበችው ጽሑፍ ውስጥ ሙጌን «ከአባቶች የተወረሰ» ብላ አስገብታ አገኘሁ። በዳርቻው ላይ «ምንጩ ይጣራ» ብዬ ጻፍሁና አለፍሁ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በከተማችን ለባላገር ሙዚቃ ሽልማት ሊሰጥ ነው ተባለና ሙጌ በአዲስ ድርሰት ዘርፍ ለመጨረሻው ዙር አለፈች። ወንድሜ አዲስ ሸሚዝ ገዛ። ሽልማቱ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ከዳኞቹ ተደወለለት። ኮሚቴው መርምሮ ሙጌ የሕዝብ ዜማ እንደ ሆነች ደርሶበታል፤ ስለዚህ ከድርሰት ዘርፍ ትወጣለች፤ ለእርሱ ግን ስለ ልፋቱ የአሰባሳቢነት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ልገባ ስዘጋጅ በባጃጅ መጣ።

«ሕዝብ ሆኛለሁ» አለኝ ገና ከበሩ።

ሳቅሁ። እርሱም ሳቀ። ተቀመጠና አዛውንቶች ለኮሚቴው ቀርበው በልጅነታችን የምንሰማት ናት ብለው እንደ መሰከሩ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም የቃሉን ጥንታዊነት በትምህርት እንዳስረዱ እየቀለደ አወራልኝ። ሻዩን ግን አልነካውም። ወንድሜ ሻይ ሲቀርብለት ገና ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ሌላውን ይውሰዱት፤ ግድ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ያቺን አንዲት ቃል ነበር የፈለግሁት። ደራሲ የምትለዋን።»

ኮሚቴው ቅሬታ ካለው ነገ ጠዋት ይምጣ ብሎታል። እንድናገርለት አልጠየቀኝም። ብመጣ ደስ እንደሚለው፣ ባልመጣም እንደማይቀየም ብቻ ነግሮኝ ወጣ። የጠየቀኝ ምን እንደ ሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ቃሏ የማን እንደ ሆነች ከእርሱና ከእናታችን በቀር የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ከኮሚቴው አባላትም አንዱ ቢሮው ከእኔ ቢሮ ፊት ለፊት የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በዚህ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ኮልታፋ ልጅነቴ መናገር ይቅርና የልደቴን ቀን እንኳ ነግሬው አላውቅም። ያን ቀን ሳስተምር ዋልሁ፤ ምን እንዳስተማርሁ ግን ማታ ላስታውሰው አልቻልሁም።

ሄድሁ። ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት የስብሰባ ክፍል ነበር፤ ሁሉም ካፖርቱን እንደ ለበሰ ተቀምጧል። ሰብሳቢው የከተማውን ግማሽ አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ወንድሜንም በልጅነቱ አስተምረውታል፤ ስለዚህ አንተ እያሉ ነበር የሚያናግሩት፣ በፍቅር። ሊከለክሉት የፈለጉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ያዘኑ የሚመስሉት እርሳቸው ነበሩ።

የቃሉን ነገር አስረዱ። ሙጌ የሚለው «ሞገተ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን፣ ዱሮ ቆንጆ ልጅ ለጋብቻ ስትፈለግ ሁለት ወገን ይሟገትላት እንደ ነበር፣ ሙጌ ማለትም «የምንሟገትላት» ማለት እንደ ሆነ ቀስ ብለው፣ በሚያምር አማርኛ ተነተኑ። የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ባልደረባዬ ማስታወሻ ያዘ። እውነቱን ለመናገር ትንታኔው ከማማሩ የተነሣ እኔም ለአፍታ ያህል አመንሁት፤ ሁለት ቤተሰብ ዳኛ ፊት ቆሞ ሲከራከርብኝ በዓይነ ኅሊናዬ መጣ።

ከአባላቱ መካከል የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሆነች አንዲት ወጣት ነበረች። ወንድሜን ቃሉን ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። እርሱ እኔን አየኝና ከቤት ነው አላት። ከቤት ማለት ከወላጆችህ ነው፣ ወላጆችህም ከወላጆቻቸው፣ እንግዲህ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው አሉ ሰብሳቢው። ጉዳዩ ሊዘጋ ነበር።

እጄን አወጣሁ።

ከተፈቀደልኝ በኋላ የተናገርሁት ክፍል ውስጥ እንደምናገረው ነበር። ልጆች አፍ ሲፈቱ የአንድን ቃል ተነባቢዎች ቦታ ማለዋወጣቸው የተለመደ መሆኑን፣ ይህም በየቋንቋው እንደሚታይ፣ አንዲት ልጅም ጉሜ የሚለውን ቃል በዚሁ መንገድ ሙጌ ልትለው እንደምትችል አብራራሁ። ምሳሌ ጨመርሁ። ከጥናት ሁሉ አንዳችም ሳላስቀር፣ ራሴን ብቻ አስቀርቼ ተናግሬ ተቀመጥሁ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ትምህርቱ ገብቶኛል» አሉኝ በለሆሳስ። «ልጅቷ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ አላውቅም። ባልደረባዬ መሆኑን እጠረጥራለሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሳቁ የፈራሁት ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ጋዜጠኛዋ ወንበሯን ወደ እኔ ጎተት አድርጋ ሌላስ ምን ትይ ነበር ብላ ስትጠይቀኝ ሰብሳቢው በእጃቸው አስቆሟት። እርሳቸው እንደሚያምኑኝ፣ ነገር ግን እህቱ ስለ ሆንሁ ቃለ ጉባኤው እንደማያምነኝ ነገሩኝ። ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁ። እናታችን አለች አልን። በዚያ ሳምንት የአንኮበር መንገድ የሚያስኬድ ስላልነበረ ልናመጣት አንችልም። ጋዜጠኛዋ ታዲያ ስልክ ምን ይሠራል አለች። እኔና ወንድሜ ትንፍሽ እንዳንል ታዘዝንና ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ጠረጴዛው መካከል ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ እሜቴ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

ከሽልማት ኮሚቴ መሆናቸውን ነገሯት። ከወዲያ በኩል ዶሮ ይጮኻል።

«ደግሞ በግ ልትሰጡት ነው?» አለች እናታችን።

«አይ፣ በግ እንኳ አይደለም። አንዲት ቃል ልጠይቅዎት ፈልጌ ነው። ሙጌ ማለት ምን ማለት ነው?»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለዚህ ነው የደወሉት?»

«ለዚህ ነው፣ እሜቴ።»

«ጉም ናታ! ያቺ ልጄ አፏ ሳይፈታ የምትላት።»

ከዚህ በኋላ እናታችንን ማስቆም የሚችል አልተገኘም። እኔ ዳቦን ባዶ እል እንደ ነበር ተናገረች። አንድ ቀን ሙሉ «ባዶ ስጡኝ፣ ባዶ ስጡኝ» እያልሁ ሳለቅስ የሰማች ጎረቤት ቤቱ እህል ያለቀበት መስሏት ሙልሙል በሰፌድ ይዛ እንደ መጣች፣ እናታችንም በኀፍረት መግቢያ እንዳጣች፣ ሙልሙሉን ግን እንዳልመለሰች በዝርዝር አወራች። ባልደረባዬ እንባውን ይጠርግ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊት ቢሮ ውስጥ ስንሠራ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ምናልባት እርሱም እኔን በተመለከተ እንዲሁ ያስብ ይሆናል።

«ይሄ ልጄ ደግሞ» አለች እናታችን፣ ወንድሜ መስማቱን ሳታውቅ፣ «ካቡ ላይ ይወጣና ‹ሙጌ መጣች ሙጌ› እያለ ያበሽቃታል። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ይዘፍናል። ስንቴ በአርጩሜ አባረርሁት መሰለዎት።»

«እንዴት አድርጎ ነበር የሚዘፍነው?» ሲሉ ጠየቁ ሰብሳቢው።

እናታችን ዘፈነችው። በቀጭን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ እንደ ልጅ እያፌዘች። በየሠርጉ የምንሰማው አዝማች ነበር፤ «ሙጌ» ላይ ከፍ የምትለው፣ «መጣች» ላይ የምትሰበረው ሳትቀር። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ትክ ብሎ ያይ ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ለዚህ ነው የምትሸልሙት?» አለች ዘፍና ስትጨርስ። «ከሆነማ ለእሷ ስጧት። ያለቀሰችው እሷ ናት።»

ሰብሳቢው አመስግነው፣ ጤናና ዕድሜ ተመኝተውላት ስልኩን ዘጉ። ጥቂት ጊዜ ወስደው መነጽራቸውን በካፖርታቸው ጫፍ አበሱ። ለዚያ ትንታኔ ብዙ እንደ ደከሙ ያስታውቅ ነበርና እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «እኔም ለሙጌ ተሟገትሁላት። ተረታሁ።»

ከሁሉም በላይ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያም ለጸሓፊው ሙጌ ወደ ድርሰት ዘርፍ እንድትመለስ፣ የግጥሙም የዜማውም ደራሲ የወንድሜ ስም ሆኖ እንዲጻፍ አዘዙ። በኋላ ሻይ ሲመጣ ጋዜጠኛዋ አስተናጋጁን ለዶክተር ባዶ አምጣላት አለችው። አስተናጋጁ ባዶ ብርጭቆ ይዞ መጣ። ዳቦው እስኪደርስ ድረስ ሌላ ዙር ተሳቀ፤ በዚህኛው እኔም ነበርሁበት።

የሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በየመስኮቱ ቆሞ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ስለ ነበር እናታችን መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ከሰላ ድንጋይ የመጣችው ዘፋኝ ሙጌን ስትጀምር ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበላት፤ እናታችን ብቻ አልተነሣችም፤ ዘፈኑ በጣም ረዘመ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ መድረክ መሪው አነበበ። «የግጥምና የዜማ ደራሲ» አለና የወንድሜን ስም ጠራ። ወንድሜ ወዲያው አልተነሣም። ምናልባት ሌላ ስም የሚጠራ መስሎት ይሆናል፤ ወይም ቃሉ ጆሮው ውስጥ ትንሽ እንዲቆይለት ፈልጎ ይሆናል። አጠገቡ የነበረው ማሲንቆ መቺ በክርኑ ጎሸመው።

ሰብሳቢው በእጃቸው ጥቁር በርኖስ አለበሱት፤ ትከሻው ላይ አስተካክለው እንደ ልጃቸው አገላብጠው ሳሙት። ለንግግር ረጅም ነገር እንዳዘጋጀ አውቅ ነበር፤ ጽፎ ሲጨርስ ያረምሁለት እኔ ነኝ። አንዱንም አልተናገረውም።

«ቃሉ የእህቴ ነው» አለ። «ዜማው እህቴን ማበሸቂያ ነበር። አርጩሜው የእናቴ ነው። የቀረው የኔ ነው።»

እኔ የተቀመጥሁበት ረድፍ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ። ወዴት እንደማይ አላወቅሁም። እናታችን ግን ለጭብጨባው ግድ አልነበራትም፤ ወንድሜ ወርዶ ሲመጣ የበርኖሱን ጫፍ በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አድርጋ ሱፉ ጥሩ ነው አለች። ከእርሷ አፍ የወጣ ይህ ቃል ለእርሱ ምን ያህል እንደ ሆነ ፊቱን ያየ ያውቃል። በማግስቱ ስቱዲዮ ሄጄ ሳለ «ደራሲ» የሚለው አዲሱ የምስክር ወረቀት ከበሩ በሌላው ጎን ተሰቅሎ አየሁት። ሰው በገባ ቁጥር ወንድሜ ወደዚያ ሳያይ በር ዝጉ፣ ብርድ ገባ ይላል፤ የገባው ሰውም በሩን ሊዘጋ ሲዞር ወረቀቱን ሳያነብ ማለፍ አይችልም።

በቀጣዩ ጥር አንኮበር አጠገብ አንድ የዘመድ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ወንድሜ በርኖሱን አልለበሰም፤ አዲሱን ሸሚዙን ነበር የለበሰው፤ ስለዚህ ማንም አላወቀውም። ሙሽራዋ ስትገባ ወጣቶቹ ሙጌን አነሡ። ከበሮው ደመቀ፣ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ወንድሜም ዘልቆ ገባና ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተቀበለ። አጠገቡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር፤ ጥቂት ካዳመጡት በኋላ እጅጌውን ይዘው ጎተቱት።

«አንተ ልጅ፣ አበላሸኸው።»

«ምኑን እማማ?»

«‹ፈትታ› አይባልም። ሙሽራ በአማቶቿ ፊት ነጠላ ትፈታለች እንዴ? ነውር ነው። ‹ዘርግታ› ነው የሚባለው። ዱሮም እንዲህ ነው።»

እኔ ፊት ለፊት ነበርሁና ሁሉንም ሰምቻለሁ። አሁን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወረቀቱን፣ ኮሚቴውን፣ በርኖሱን ሁሉ። ከነገራቸው እንደማያምኑት እርግጠኛ ነበርሁ፤ ስለዚህ ለምስክርነት እንደገና ልነሣ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ወንድሜ ግን መዝፈኑን ትቶ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቤቱን አለበሰች ነጠላዋን ዘርግታ። ደግሞ አለው። ይህን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ነገር ሲገጥምለት የሚታየው ፊት ነው። እውነትም ጉም አይፈታም፤ ይዘረጋል።

ከበሮ መቺው ዘንድ ሄዶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ ተመልሶም አሮጊቷ ፊት ቆመ። አዝማቹ ሲመለስ «ዘርግታ» ብሎ ጮክ አድርጎ ዘፈነ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አሮጊቷ ከንፈሩን እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ጎሽ» አሉት። «አሁን ቻልኸው።»

ወንድሜም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።